የ1966 ቮልስ ሬዲዮ አወጣጥና አቀያየር፦ ዳሽቦርድ ሳይቆረጥ

ጥቁር_ቮልስ
ሰላም ለቤቱ። መኪናው ቮልስ ነው፤ የ1966 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ 1300 ሞተር፣ ግራ መሪ። ዳሽቦርዱ ላይ ባለ ሁለት ጆሮ (በግራና በቀኝ የሚዞር ቁልፍ ያለው) የድሮ ብላውፑንክት ሬዲዮ አለ። መብራቱ ይበራል፤ ከስፒከሩ ግን ሽሽታ እንጂ ጣቢያ አይሰማም። ብሉቱዝና ኤፍ ኤም ያለው ነገር ልገጥምለት ፈልጌ ኤሌትሪሺያን ሳማክር «ላሜራውን በግራይንደር ከፍተን የቪትዝ ቴፕ እናስገባለን» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። አልተዋጠልኝም። አሮጌው ሳይሰበር በየት በኩል ይወጣል? ሳይቆረጥ ምን ሊገባበት ይችላል? ኤሌክትሪኩንስ ከየት ልሳብ? ባትሪው አሁን ባለ 12 ነው፤ መኪናው ግን ሲሠራ ባለ 6 ነበር ይሉኛል።

ቦቢና
ላሜራውን አታስነካ። የዘመኑ ነጠላ ቴፕ 182 በ53 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። ያንተ ዳሽቦርድ ላይ ያለው ክፍት ደግሞ ለሁለት ጆሮና ለመሃል መስታወት የተሠራ ጠባብ ነገር ነው። ከተቆረጠ በኋላ ልመልሰው ብትል ከሌላ ቮልስ ላይ ያንኑ ቦታ አስወጥቶ ማስበየድና ዳሽቦርዱን በሙሉ ማስቀባት ነው የሚጠብቅህ፤ ወጪው ከቴፑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከሁሉ በፊት የቮልት ነገር። የ1966 ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 6 ቮልት ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው እንኳ ወደ 12 የዞረው በ1967 ሞዴል ነው። ስለዚህ ያንተ መኪና በኋላ ነው የተቀየረው፤ የተቀየረው ግን ባትሪው ብቻ ሊሆን ይችላል። ቴስተር ያዝ። ሞተር ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.6 አካባቢ ማየት አለብህ። ሞተሩን አስነስተህ ጋዝ ስትሰጠው ከ13.8 እስከ 14.4 ካልወጣ ዲናሞውና ሬጎላቶሩ (ቻርጁን የሚመጥነው) የባለ 6 ናቸው ወይም ተበላሽተዋል። እሱን ሳትጨርስ አዲስ ቴፕ አትግጠም።

የብላውፑንክቱን ጎንና ጀርባም እይ። በርካታዎቹ 6 እና 12 የሚል መቀየሪያ አላቸው፤ አንዳንዱ ላይ ተነቅሎ ዞሮ የሚሰካ ትንሽ መሰኪያ ነው። መኪናው ወደ 12 ሲዞር ሬዲዮው 6 ላይ ተረስቶ ከሆነ የሽሽታው ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። እስክታረጋግጥ ድረስ አታብራው።

የጥንት_ሽቦ
ስለ አወጣጡ እኔ ልጻፍ።

ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ስር በቀኝ በኩል ነው። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ንቀል። ስትመልሰው ክዳኑን አትርሳ፤ የመቀመጫው ሽቦ የባትሪውን ፖዘቲቭ ከነካ የመቀመጫው ውስጥ መሙያ ቶሎ ይያያዛል፣ ቮልሶች የሚቃጠሉበት አንዱ የታወቀ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ የፊት ኮፈኑን ክፈት። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ጥቁር ካርቶን አውጣ። ያረጀ ካርቶን ጥግ ጥጉን ይቀደዳል፣ መያዣዎቹን አንድ በአንድ በካቻቢቴ እያነሳህ እንጂ አትጎትተው። አሁን የሬዲዮው ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይታይሃል። ምንም ሳትነቅል ፎቶ አንሳ፤ ከዛ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ወረቀትና ናስትሮ አድርገህ ጻፍበት። የምታገኘው ይህን ነው፦ በውስጡ ፊውዝ ያለው ትንሽ ቱቦ የተገጠመለት የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የስፒከር ሽቦዎች፣ የአንቴና መሰኪያ፣ አንዳንዴ ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተገናኘው ቦዲ) ላይ የታሰረ ኮንደንሰር።

ወደ ውስጥ ግባ። ጆሮዎቹ ብዙዎቹ ቀጥ ብለው ሲሳቡ ይወጣሉ፤ እምቢ ካለህ ጎኑ ላይ በጣም ትንሽ ብሎን መኖሯን እይ። ከኋላቸው ያሉትን ቀለበቶች በየተራ አውጥተህ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ደርድር። ቀጥሎ የየጆሮውን አንገት የሚይዙት ስስ ዳዶዎች ናቸው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያበላሸው፤ በፒንሳ ሲታገሉ ፒንሳው ሾልኮ ፊት መስታወቱን ወይም ቀለሙን ይቦጭራል። ልኩ የሆነ ረጅም ቡሽላ ተጠቀም፤ ከሌለህ ዙሪያውን በወፍራም ናስትሮ ሸፍነህ ሥራ።

ዳዶዎቹ ሲወጡ ሬዲዮው ከኋላ በአንድ የብረት መያዣ ብቻ ነው የሚቆመው። የእሱን ብሎን ስትፈታ በሌላው እጅህ ከስር ደግፈው፣ ከባድ ነው። የሚወጣው በኮፈኑ በኩል ነው፤ ወደ ሾፌሩ ጎን ልሳበው ብትል አይወጣም።

ከ1968 ወዲህ ያለ ሞዴል ይዞ ይህን የሚያነብ ሰው ካለ፦ የመስታወት ማጠቢያው ውሃ ከትርፍ ጎማው ነፋስ ነው ግፊት የሚያገኘው። ቱቦውን ከነቀልከው ፊውዞቹ ላይ ነው የሚረጨው።

ዶክተር_ማሳ
የጥንት_ሽቦ በደንብ ጽፎታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ አሮጌውን ሬዲዮ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩ ስፒከር ሳታስሩ አታብሩ። የድሮዎቹ በትራንስፎርመር ነው ድምፅ የሚያወጡት፤ ጭነት ሲያጡ የመጨረሻው ትራንዚስተር ይሄዳል፣ ያ ጀርመኒየም ትራንዚስተር ደግሞ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። የአምፖል (የቫልቭ) ሬዲዮ ከሆነ ውስጡ ከ150 ቮልት በላይ አለ፣ ሳታውቁ አትክፈቱት።

አሁን ወደ ሽቦው። ቮልስ ላይ መውጫዎቹ ቁጥር አላቸው፤ 30 ምንጊዜም ከባትሪ የሚመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ፣ 31 ማሳ። የሽቦው ቀለምም ሥርዓት አለው፦ ቀይ 30 ነው፣ ጥቁር 15 ነው፣ ቡኒ ማሳ ነው።

አዲሱ ቴፕ ደግሞ ሌላ ሥርዓት ይዞ ይመጣል። ቢጫ ምንጊዜም ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ነው (ሰዓትና ጣቢያ የሚይዘው)፣ ቀይ በቁልፍ የሚመጣው፣ ጥቁር ማሳ። አስተውሉ፦ የቮልሱ ጥቁር ኤሌክትሪክ አለው፣ የቴፑ ጥቁር ማሳ ነው። የቮልሱ ቀይ ምንጊዜም ኤሌክትሪክ አለው፣ የቴፑ ቀይ በቁልፍ ነው። ቀለም ከቀለም እያገጣጠመ የሚያስር ሰው የመጀመሪያው ንክኪ ላይ ብልጭታ ያያል። ትክክሉ እንዲህ ነው፦ ቢጫ ከቀይ (30)፣ ቀይ ከጥቁር (15)፣ ጥቁር ከቡኒ ወይም በቀጥታ ከቦዲ። ይህ ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ ካልተነካ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው መኪና ላይ የትኛው ኤሌትሪሺያን የትኛውን ቀለም እንደቀጠለ አይታወቅም፣ በቴስተር ሳታረጋግጡ አትሰሩ።

ቢጫው ላይ የራሱ 10 አምፔር ፊውዝ ይኑረው፣ ከምንጩ በቅርብ ርቀት። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። ከመኪናው ፊውዝ ሳጥን የምትስቡ ከሆነ እነዚያ የሸክላ ፊውዞች ነጩ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። ጫፋቸው ስለሚዝግ ድምፁ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ መያዣውን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ።

ጥቁር_ቮልስ
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ፦ ቀዩን 15 ላይ ካሰርኩ ቆሜ ስሰማ ቁልፉ ተከፍቶ ነው ማለት ነው። ችግር የለውም?

ቦቢና
አለው እንጂ። ያንተ ቁልፍ ለሬዲዮ ብቻ የሚሆን መካከለኛ ቦታ የለውም። ሞተር ሳይነሳ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየና በዚያ ሰዓት ፑንቲናው (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ነጥብ) ገጥሞ ከሆነ በቦቢናው (ለካንዴላ እሳት በሚሰጠው ጥቅል) ውስጥ ኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ቦቢናው ይግላል፣ ውስጡ ያለው ዘይት እስኪወጣ የሚደርስበትም አለ፣ ፑንቲናውም ይቃጠላል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ኳስ የሚሰማ ሰው ቦቢና የሚገዛው በዚህ ነው።

መፍትሔው ቀዩን ከ30 በትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ማምጣት ነው፣ ዳሽቦርዱ ስር በማይታይ ቦታ። ማጥፋት እንዳትረሳ የምትሰጋ ከሆነ ትንሽ አመልካች መብራት አብረህ እሰርለት።

ሶማሌ_ተራ_አላፊ
ያ «የቪትዝ ቴፕ» ያልከውን ነገር ልንካው። ቮልስ ይቅርና ዘመናዊ መኪና ላይም ራስ ምታት ነው። ከጃፓን የወጣ መኪና ሬዲዮ ኤፍ ኤሙ በአብዛኛው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1፤ አንዱም አይገባም። «ኤክስፓንደር» እየተባለ የሚሸጠው ትንሽ ሳጥን አንቴናው ላይ ገብቶ ሞገዱን ወደ ታች ያወርዳል፤ ይሠራል፣ ግን አንድ ሳጥን የከተማውን ጣቢያ በሙሉ 14 ሜጋ ኸርዝ ውስጥ ሊያስገባ አይችልም፤ ስክሪኑ ላይ የምታየው ቁጥርም የጣቢያው አይሆንም። ዕቃ ስትገዛ ሻጩ ፊት በ12 ቮልት ባትሪ አብርተህ ከ87.5 እስከ 108 መሄዱን እይ። አንቴና እንኳ ባይኖር አንድ ሜትር ሽቦ ሰክተህ ሸገርን ፈልግ።

ቨርጂኒያ_ሆኜ
ከዚህ ከአሜሪካ ለዘመድ ቴፕ የምትልኩ ሰዎችም ልብ በሉ። የአሜሪካ ቴፕ ኤፍ ኤሙን በ0.2 ነው የሚዘለው፣ የሚያርፈውም ጎዶሎ አስረኛ ላይ ብቻ ነው፦ 97.1፣ 97.3፣ 97.5፣ 97.7። ሸገርና ፋና በዕድላቸው ጎዶሎ ስለሆኑ ይመጣሉ፤ ትርታ 97.6 ግን ይዘለላል። መካከለኛ ሞገድም እዚህ በ10 ኪሎ ኸርዝ፣ እዚያ በ9 ነው። ብዙዎቹ ቴፖች ሜኑ ውስጥ «አካባቢ» ወይም «አውሮፓ» የሚል ምርጫ አላቸው፣ እሱን ቀይሩት። ከመግዛታችሁ በፊት ምርጫው መኖሩን የመመሪያ ወረቀቱ ላይ አረጋግጡ።

ለእንዲህ ዓይነት ዳሽቦርድ ደግሞ እዚህ የሚሸጥ የተለየ ዓይነት አለ፦ ሬትሮሳውንድና መሰሎቹ። ሁለቱ ጆሮዎች ከሳጥኑ ተለይተው ወደ ጎንም ወደ ፊትና ወደ ኋላም ስለሚስተካከሉ ከድሮው ቀዳዳ ጋር ይገጥማሉ። ከማዘዝህ በፊት ከአንዱ ጆሮ መሃል እስከ ሌላው መሃል፣ የመሃሉን ክፍት ወርድና ቁመት፣ የላሜራውንም ውፍረት በካሊፐር ለካ። «ለቮልስ ይሆናል» በሚል ቃል ብቻ አትዘዝ፣ የዳሽቦርዱ ዓይነት በየዘመኑ ይለያያል።

የጥንት_ሽቦ
እኔ ግን ብላውፑንክቱ እንዲወጣ አልደግፍም። ያ ሬዲዮ የመኪናው አካል ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚሞተው በውስጡ ያሉት የኤሌክትሮላይት ኮንደንሰሮች ስለሚደርቁ ነው፤ እነሱን በተመሳሳይ ማይክሮፋራድና እኩል ወይም ከፍ ባለ ቮልት መተካት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሽሽታ ማሰማቱ የድምፅ ማጉያው ክፍል በሕይወት እንዳለ ያሳያል፤ ችግሩ ከአንቴና ወይም ከጣቢያ መያዣው በኩል ነው። አንቴናውን ፈትሽ፦ ከዘንጉ ጫፍ እስከ መሰኪያው መሃል ዜሮ ኦም አካባቢ፣ ከመሃሉ እስከ ዙሪያው ብረት ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ገመዱ ውስጥ ውሃ ገብቷል።

ብሉቱዝ ከፈለግህ በድምፅ መቆጣጠሪያው መግቢያ ላይ በኮንደንሰር አሳልፎ ማስገባት ይቻላል። የውጪው መልክ አይነካም።

ዶክተር_ማሳ
ይቻላል፣ ግን ሁለት ነገር አትደብቀው። በርካታ የዚያ ዘመን የጀርመን ሬዲዮዎች ኤፍ ኤማቸው 104 ላይ ያበቃል፤ ሸገር ይገባል፣ 105.3 ያለው አፍሮ አይገባም። ጭራሽ ኤፍ ኤም የሌላቸውም አሉ። ሌላው፣ የብሉቱዟን ሰሌዳ ከዚያው ከመኪናው 12 ቮልት ካበራሃት ማሳው ዞሮ ራሱን ይገናኝና ፉጨት ያመጣል። ኤሌክትሪኳን የሚለይ ትንሽ መለወጫ ወይም የድምፅ ትራንስፎርመር ያስፈልጋታል።

ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። አሮጌው ሬዲዮ በቦታው ይቀመጥ፤ ኤሌክትሪኩ ብቻ ይነቀልና በናስትሮ ይጠቅለል። ትንሽ ባለ ብሉቱዝና ኤፍ ኤም ማጉያ የጓንት ሳጥኑ ውስጥ ወይም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ይግባ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ከሆነ ሻንጣ የማይደርስበት፣ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። ነገ የሬዲዮው ጠጋኝ ሲገኝ የሚፈታ ነገር አይኖርም።

የትኛውንም ብትመርጥ የስፒከሩን ጉዳይ አትለፈው። የድሮው ስፒከር አንዱ ሽቦ ቦዲው ላይ የታሰረ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ቴፕ ግን ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎቹ ከማሳ ተለይተው ወደ 6 ቮልት ገደማ ላይ ነው የሚቀመጡት። አንዱን ቦዲ አስነካህ ማለት ማጉያዋን ቺፕ ገደልክ ማለት ነው። አንዳንዱ ራሱን ይከላከላል፣ ርካሹ አይከላከልም። ስፒከሩን ከቴፑ ነጥለህ ሁለቱንም ሽቦ ከቦዲ ጋር በቴስተር ለካ፤ ምንም ማሳየት የለበትም። ሁለቱን እርስ በርስ ስትለካ ባለ 4 ኦም ስፒከር 3.4 አካባቢ ያሳያል። ከ3 በታች ከሆነ ጣለው።

አንድ ስፒከር ብቻ ያለበት ዳሽቦርድ ላይ የግራና የቀኝ ሽቦን አንድ ላይ ማሰርም ያው ጥፋት ነው። ባለ ሁለት ጥቅል ስፒከር አለ፣ አራት መውጫ ያለው፤ ግራው ለአንዱ፣ ቀኙ ለሌላው። እሱ ከሌለ ግራውን ብቻ ተጠቀምና ስልክህን «ሞኖ» ላይ አድርገው።

ሶማሌ_ተራ_አላፊ
«50 ዋት ሲባዛ 4» የሚለውንም አትመኑ። ጀርባው ላይ 10 አምፔር ፊውዝ ያለው ቴፕ ከ12 ቮልት የሚስበው ወደ 120 ዋት ነው፤ 200 ከየት ይመጣል? በአንድ ስፒከር 15 እና 20 ዋት ካገኛችሁ ደግ ነው። ለቮልስ ይበቃል፣ ከዛ በላይ ቢጨምሩትም ከኋላ ያለው ሞተር ያሸንፈዋል።

ላንድሮቨር109
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የእኔ ላንድሮቨር የ1963 ነው። ቴፑን እንዲሁ ማሰር እችላለሁ?

ቦቢና
አትችልም፣ ቆም በል። የዚያ ዘመን ላንድሮቨር ቦዲው ላይ የታሰረው ፖዘቲቩ ነው፤ ወደ ኔጋቲቭ የዞረው በ1967 አካባቢ ነው። የዘመኑ ቴፕ ሳጥኑም የአንቴናው ሽፋንም ኔጋቲቭ ነው። ብሎኑን ስታስር ሳጥኑ ቦዲውን ይነካል፣ አለቀ። ሳጥኑን በፕላስቲክ ብትለይ እንኳ አንቴናው ያገናኘዋል።

ምርጫህ መኪናውን ማዞር ነው፦ የባትሪውን ካቦዎች ቀይር፣ የቦቢናውን ሁለት ሽቦ አቀያይር፣ አምፔር ሜትሩንም እንዲሁ። ከዚያ የሉካስ ዲናሞውን ሽቦዎች ነቅለህ ከባትሪው ፖዘቲቭ በመጣ ሽቦ የኤፍ መውጫውን ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርገው፤ ዲናሞው አዲሱን አቅጣጫ ይይዛል። ይህን ሳታደርግ ሞተር ካስነሳህ ሬጎላቶሩን ያቃጥልብሃል። መጀመሪያ ግን የባትሪው የትኛው ካቦ ቦዲ ላይ እንደታሰረ በዓይንህ እይ፤ ብዙዎቹ ከዓመታት በፊት ተለውጠዋል።

ጥቁር_ቮልስ
ምክራችሁን ይዤ ሦስተኛውን መንገድ መርጫለሁ። ብላውፑንክቱ ቦታው ላይ ነው፣ ማጉያው የጓንት ሳጥኑ ውስጥ። ቻርጁ 14.1 ያሳያል። ስፒከሩ ከቦዲ ተለይቷል። ቀሪው ችግር፦ ሞተር ሲነሳ «ዊይይ» የሚል ፉጨት አለ፣ ጋዝ ስሰጥ አብሮ ይቀጥናል።

ዶክተር_ማሳ
ከሁለት አንዱ ነው፣ በሁለት ደቂቃ ይለያል። ማጉያው ከ30 እየሳበ ይሁን። ሞተሩን ከፍ አድርገህ በድንገት ቁልፉን ዝጋ። ድምፁ ያኔውኑ ከጠፋ ከካንዴላና ከቦቢና ነው። ሞተሩ እየቀነሰ ሲሄድ አብሮ እየወፈረ ከጠፋ ዲናሞው ነው። ያንተ አገላለጽ ዲናሞ ይመስላል። ቀጥሎ አንቴናውን ንቀል፦ ፉጨቱ ከቆየ በሽቦ ነው የሚገባው፣ ከጠፋ በአየር።

ለዲናሞ ከሆነ የሬዲዮ ኮንደንሰር (2 ወይም 3 ማይክሮፋራድ) ወፍራሙ ሽቦ በሚታሰርበት ዲ ፕላስ (የዲናሞው ኤሌክትሪክ መውጫ) ላይ፣ አካሉ ማሳ ላይ። በምንም ዓይነት ዲ ኤፍ (ሬጎላቶሩ ዲናሞውን የሚቆጣጠርበት መውጫ) ላይ አታስር፣ የሬጎላቶሩን ነጥቦች ይበላል። ለካንዴላ ከሆነ ኮንደንሰሩ የቦቢናው 15 ላይ ነው እንጂ 1 ላይ አይደለም፤ 1 ላይ ካሰርከው ሞተሩ ያነጥሳል። የካንዴላ ኮፍያዎቹም ባለ ሬዚስተር ይሁኑ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ነፃ የሆነውን ሥራ። የፊት መብራት አብርተህ ከማጉያው ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለውን ቮልት ለካ።

ጥቁር_ቮልስ
0.7 ቮልት ያሳያል። ቁልፉን ስዘጋ ፉጨቱ እየወፈረ ነው የሚጠፋው።

ዶክተር_ማሳ
0.2 መብለጥ የለበትም። ኮንደንሰር ከመግዛትህ በፊት ሦስት ቦታ ፍታ፦ ባትሪው ቦዲ ላይ የታሰረበት ብሎን፣ ማጉያው ማሳ ያገኘበት ቦታ፣ ከመኪናው ስር ደግሞ ከጊርቦክሱ አፍንጫ ወደ ቦዲ የሚሄደው ጥልፍ የብረት ጥብጣብ። ያ ጥብጣብ የሞተሩ ማሳ ነው፤ ሲበላ ሞተሪኖውም (ሞተር ማስነሻው) ቀስ ብሎ ይዞራል። በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ፋቀው፣ ሮንዴላውን ባለ ጥርስ አድርገው፣ ካጠበቅከው በኋላ ግሪስ ቀባው። የማጉያውን ማሳ የጓንት ሳጥኑ ካርቶን ላይ ባለ ብሎን አትመን፤ ቀለሙ የተፋቀ ላሜራ ላይ አጭር ሽቦ ይሂድለት።

ቦቢና
ሞተሪኖው ጠዋት ጠዋት ይከብደዋል እንዴ?

ጥቁር_ቮልስ
አዎ። ባትሪው ነው ብዬ ነበር።

ቦቢና
ጥብጣቡን መጀመሪያ ቀይር። ባለ ሁለት ቀዳዳ ጥልፍ ነው፣ ከሌላ መኪናም ቢሆን ርዝመቱና የብሎኑ ልክ ይግጠም እንጂ ይሠራል። ጥብጣቡ ከተቀየረ በኋላ ደግመህ ለካና ቁጥሩን እዚህ ጻፍ፤ ከ0.2 በታች ወርዶም ፉጨቱ ካልጠፋ ያኔ ወደ ኮንደንሰሩ እንሄዳለን።